የአንጓች ተራ

አንድ የውኃ አባት ነበር። የውኃ አባት ማለት በመስኖ በሚያርስ መንደር የወንዙን ውኃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፤ ማኅተምም የለውም። ሕዝቡ ተሰብስቦ «አንተ አታደላም» ይለዋል፣ እሱም «እሺ» ይላል፣ በቃ ተሾመ ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ እኔም የዚያው መንደር ሰው ነኝ። ስሜን ግን አትጠይቁኝ። ለምን እንደማልናገር መጨረሻው ላይ ስደርስ ይገባችኋል።

የውኃ አባታችን አያ ስንሻው ይባል ነበር። አንቱታውን የተውኩት ንቄው ሳይሆን ትረካው እንዲቀለኝ ነው። ስልሳውን ያለፈ፣ ምራቁን የዋጠ፣ ጠብ የሚባል ነገር የማይወድ ሰው ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እመሰክርለታለሁ። ግን ጠብ የማይወድ ሰው ዳኛ ሲሆን አንድ አመል ያወጣል። የሚጮኸው ሰው ዝም እንዲልለት የፈለገውን ይሰጠዋል፤ ዝም የሚለውን ደግሞ «ታገሥ» ይለዋል። አያ ስንሻውም እንደዚያ ነበር።

ቦያችን ከመንደሩ በላይ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ወደ ይርዳው ማሳና ከእሱ ቀጥሎ ወዳሉት ይሄዳል። ይርዳው ባለጠጋ ነው፤ ደግሞ ሲናገር ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። የታችኛው ቦይ ብዙ መንገድ ወርዶ አንዲት የመጨረሻ ማሳ ያጠጣል። ያቺ ማሳ የአንጓች ናት። አንጓች ባሏ የሞተባት፣ በዚያች ማሳ ነጭ ሽንኩርት ተክላ የምትኖር ሴት ናት። ቦዩ በሚከፈልበት ቦታ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ በታችኛው ቦይ አፍ ላይ ሲጋደም ውኃው ወደ ይርዳው ይሄዳል፤ ሲነሣ ወደ አንጓች ይወርዳል። ያን ድንጋይ ከውኃ አባቱ በቀር ማንም በራሱ ፈቃድ አይነካውም። የአንጓች ተራ በየስምንት ቀኑ፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ እኩለ ቀን ነበር።

ባሏ በሞተ በመጀመሪያው ዓመት ውኃው አርፍዶ መጣ። አንጓች ወደ አያ ስንሻው ሄዳ ነገረችው። እሱም በደግ ቃል የይርዳው በርበሬ ጠውልጎ ስለነበር ትንሽ እንደጨመረለት አስረዳትና፣ ታገሺ አላት። ታገሠች። በሁለተኛው ዓመት ውኃው የባሰ አረፈደ። ታገሺ አላት፤ ታገሠች። በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ቀን የነበረው ተራዋ የአንድ ሰዓት እንኳ አልሆን አለ። አሁንም ያው ቃል፣ አሁንም ያቺው ሴት።

እኛ ደግሞ ጉደኞች ነን፣ ትዕግሥቷን እናደንቅላት ጀመር። ሙሽራ ሲመከር «እንደ አንጓች ሁኚ» ይባላል። ባልና ሚስት ሲታረቁ የአንጓች ስም ይነሣል። አያ ስንሻው ራሱ በስብሰባ ሁሉ ሲመርቅ «የአንጓችን ልብ ይስጣችሁ» ይል ነበር፤ እኛም «አሜን» እንላለን። እሷ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። እኛ ትሕትና ነው እንል ነበር። ዛሬ ሳስበው ያን ያህል የምናመሰግናት ውኃዋን ላለመስጠት ነበር፤ ምስጋና ቦይ መክፈት አይጠይቅም።

ሰባተኛው ዓመት ሆነ። የዚያን ዓመት ይርዳው ወደ አንጓች ሰው ላከባት። ማሳሽ ደርቆ ከሚቀር በእኩል ስጪኝ፣ እኔ ልረሰውና ምርቱን እንካፈል የሚል መልእክት ነው። እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። መሬቱን ለእሱ የሰጠ ሰው ተመልሶ የራሱን ማሳ ሲያርስ አይተን አናውቅም። የዚያ ዓመት ሽንኩርቷ ከደረቀ ደግሞ ለሚቀጥለው የምትተክለው አይኖራትም፤ ያኔ እሺ ከማለት በቀር ምርጫ የላትም። ሽንኩርቱ ደግሞ ጫፍ ጫፉን ቢጫ ማለት ጀምሯል።

አንጓች ተነሥታ አያ ስንሻው ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ ግቢ ብትባልም አልገባችም።

«አያ፣ ሰባት ዓመት ታገሺ ብለውኛል» አለችው። «ለመሆኑ ትዕግሥት ማለት ምን ማለት ነው?»

አያ ስንሻው ጥያቄው ደስ አለው። የሚያውቀው ነገር ነዋ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ትዕግሥት ማለት የሚከብደውን ነገር ሳያጉረመርሙ መሸከም፣ የሚመጣውን ሳይቆጡ መጠበቅ ማለት ነው ብሎ አብራራላት። በመጨረሻም ከሰው ጸጋ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው አላት።

«እርስዎ ይችሉበታል?»

ትንሽ ከፋው። ግን እንዴታ፣ እንኳን እኔ ሕፃንም ይችልበታል አላት።

«እንግዲያው ማክሰኞ ተራዬ ነው። ማሳዬ ድረስ መጥተው አብረውኝ ውኃ ይጠብቁ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

አያ ስንሻው ይህ ምን ይከብዳል ብሎ እሺ አለ። እንዲያውም ሄጄ አጽናናታለሁ ብሎ ነበር ያሰበው።

ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከቤቱ ወጣ። ቦዩ የሚከፈልበት ቦታ ሲደርስ ድንጋዩን አነሣና ውኃውን ወደ ታች ለቀቀው። ገና ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይርዳው ከማሳው ብቅ ብሎ መጮህ ጀመረ። በርበሬዬ አለቀ፣ ጥላው ጉቶው ጋ እስኪደርስ ብቻ፣ ትንሽ ነው፣ አንጓች እንደሆነች ትታገሣለች አለው። አያ ስንሻው ሰዓት የሚለካው በመክፈያው አጠገብ በተከለው እንጨት ጥላ ነበር፤ እዚያው ካለው የዛፍ ጉቶ ጋ እስኪደርስ ማለት ብዙም አይደለም። በማለዳ ከይርዳው ጋር ምን አጨቃጨቀኝ ብሎ ድንጋዩን መልሶ ጣለው፣ ጭቃውንም በእግሩ ረግጦ አጠበቀው። ጥላው ጉቶው ጋ ሲደርስ አንሣው ብሎ ይርዳውን አዘዘና መንገዱን ቀጠለ። ሰባት ዓመት ያደረገው ነገር ስለሆነ አንጓች ማሳ ሳይደርስ ረሳው። እውነቴን ነው፣ ረሳው። ሰው የሚረሳው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው፤ ክፉ ነገር ሠራሁ ብሎ አላሰበማ።

አንጓች በማሳዋ ዳር ደረቅ ሣር ጎዝጉዛ ጠበቀችው። ተቀመጠ። ስትቀመጥ እግሩን አየት አደረገችና ዓይኗን መለሰች።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ጥሩ ነበር። ስለ ኢዮብ ነገራት። ስለ ጥንት ድርቅ ነገራት። እሷ እየሰማች በጣቷ በሽንኩርቱ ሥር ያለውን አፈር ትፈረፍር ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባል። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አያ ስንሻው ወሬው እያለቀበት ሄደ። ወደ ቦዩ አንገቱን አሰገገ፤ ቦዩ ደረቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና አየ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያረፍደው ብሎ ጠየቃት። ዛሬስ ደህና ነው፣ የሚያጫውተኝ ሰው አለ አለችው።

ፀሐይዋ ወደ አናት ስትጠጋ ሰውዬው አላስችለው አለ። አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይቀመጣል። ላቡን ይጠርጋል። የሽንኩርቱ ቅጠል ዓይኑ እያየ ይተኛል። በመጨረሻ ዘንጉን መሬት ላይ መታና ይሄማ ጉድ ነው፣ ማን ነው የሚጫወትብን ብሎ ጮኸ። ልብ በሉ፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላው «የሚጫወትብን» አለ። አንጓች ይቀመጡ እንጂ አለችው። አልሰማትም። ስልሳውን ባለፈ ዕድሜው እየሮጠ ቦዩን ተከትሎ ወጣ።

ቦዩ የሚከፈልበት ቦታ ሲደርስ ድንጋዩ ተጋድሟል። ይርዳው ዶማውን ተደግፎ ውኃው በርበሬው ውስጥ ሲንቆረቆር ያያል።

«ማን ነው ይህን የዘጋው?» አለ አያ ስንሻው።

ይርዳው ግራ ገባው። «እርስዎ ነዎታ! ጠዋት እርስዎ አይደሉ እንዴ የጣሉት?»

«ጥላው ጉቶው ጋ ሲደርስ አንሣው አላልኩህም?»

ይርዳው ትከሻውን ነቀነቀ። ከታች ምንም ድምፅ ስላልሰማ የማትፈልገው መስሎት እንደተወው ተናገረ። ከዚያ የአያ ስንሻውን ላብና ትንፋሽ አይቶ እንደመሳቅ አለ።

«ደግሞስ ምን አስቸኮለዎት? ትንሽ ቢታገሡ ምን አለበት?»

አያ ስንሻው ያቺን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲሰጥ ኖሯል። ሲቀበላት ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ኋላ ለኛ እንደነገረን፣ ቃሏ በጥፊ እንደመመታት ሆነችበት። በደግ ፊት ተነግራው አንጀቱን አሳረረችው። እግሩን ቁልቁል ሲያይ ጠዋት የረገጠው ጭቃ ተረከዙ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የገባው። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ የሚጠብቀው ራሱ የዘጋውን ውኃ ነው። እሷ ሰባት ዓመት የተሸከመችውን እሱ ግማሽ ቀን መሸከም አቃተው፤ እሱም ሣር ተጎዝጉዞለት።

የአንጓች ሰዓት አልፏል። እኩለ ቀን ሆኗል። ውኃው ወደ ሌላ ባለተራ የሚዞርበት ጊዜ ነው፤ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ራሱ ነው። ወደ አንጓች ሊመለስ ሁለት ጊዜ ተራመደና ሁለት ጊዜ ቆመ። ፊቷን በምን ዓይኑ ይየው? ባሕር ዛፉን ዞሮ፣ በማትታየው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። አንጓች እዚያው ማሳዋ ዳር ተቀምጣ ቀረች። አያ ስንሻው ከሁሉም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ዙሪያ መንገድ ነው ይላል።

ሦስት ቀን እህል አልወርድለት አለ። ዓርብ ደግሞ የቦይ ጠረጋ ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ መንደሩ በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጥቶ ቦዩን የዘጋውን ደለል ይጠርጋል። ጠረጋው አልቆ ውኃው እንደተለቀቀ፣ እኛም የተለመደውን ምርቃት ለመስማት ጋቢያችንን አስተካክለን ቆምን። አያ ስንሻው ግን አልመረቀም። ወደ መክፈያው ሄዶ ጎንበስ አለና ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከነጭቃው አንሥቶ አንገቱ ላይ ጫነው። በኛ ዘንድ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሸከመው ግን አይተን አናውቅም።

አንጓች ፊት ሄዶ ቆመ። ማክሰኞ ዕለት ያደረገውን በሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ተናገረ። ድንጋዩን እንደጣለ፣ እንደረሳ፣ በዙሪያ መንገድ እንደሸሸ ሳይደብቅ አወጣው። ሰባት ዓመት ታገሺ ያልኩሽ እኔው ዘግቼብሽ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪኝ አላት።

አሁን የእኛን ነገር ስሙ። ወዲያው ከዚህም ከዚያም ድምፅ ተነሣ። በቃ ይቅር በይው እንጂ፣ ሽማግሌ እኮ ነው፣ አንገቱ ይቆረጣል፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ፣ አንቺ እኮ አንጓች ነሽ! ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «ውኃዋን ስጧት» ያላልን ሰዎች፣ ድንጋዩ ከተነሣ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጮኽን። እኔም ከጮኹት አንዱ ነኝ።

አንጓች አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ቦዩ ተመለከተች። ድንጋዩ አያ ስንሻው አንገት ላይ ስለሆነ የታችኛው ቦይ አፉ ተከፍቷል። ውኃው ደረቁን ቅጠል እየገፋ ወደ ማሳዋ እየወረደ ነው።

«አያ፣ ትንሽ ይታገሡ» አለችው። «ውኃው ማሳዬ ጫፍ ሳይደርስ ድንጋዩን ካወረድነው ተመልሶ እዚያው ነው የሚቀመጠው።»

ነጠላዋን በወገቧ ታጥቃ ውኃውን ተከትላ ወረደች።

ሰው አጉረመረመ። ይርዳው ተራው የእኔ ነው ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ። አያ ስንሻው ድንጋዩ አንገቱ ላይ እንዳለ ትኩር ብሎ አየው፤ ይርዳውም አፉን ዘጋ። አንዳንዶች እንያዝልህ ብለው ቀረቡ። እሱ ግን ተዉኝ፣ የእኔ ሰዓት ነው አለ። ጭቃው በጀርባው እየወረደ ቆመ። ጥላው ጉቶውን አለፈ። ያን ቀን ጥላ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አየሁ። ማናችንም መሄድ አልቻልንም። ዓይን ለዓይን መተያየት አፍረን የዶማችንን እጀታ ስናይ ቆየን።

አንጓች ስትመለስ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። በሁለት እጇ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደችለት።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ቅርብ የነበርነውም ሰማነው፣ እንዲህ አለችው፦ «ማክሰኞ ሲመጡ የእግርዎ ጭቃ እርጥብ ነበር። አይቼዋለሁ። ውኃ መጠበቁን ለምጄዋለሁ፤ እርስዎ እስኪያስታውሱት መጠበቁ ነው የከበደኝ።»

አያ ስንሻው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም አልከለከለችውም። ተነሥታ ስትሄድ ግን ወደ እኛ ዞር ብላ ከእንግዲህ በስሜ ማንንም አትመርቁ አለችን። ከዚያ ወዲህ በኛ መንደር የውኃ አባት የሚሾም ሰው አስቀድሞ በመጨረሻዋ ማሳ ዳር ግማሽ ቀን ተቀምጦ ውኃ ይጠብቃል። ሽንኩርቱ ያን ዓመት ግማሹ ተረፈ፤ ለዘር በቃ። ማሳውም እስከ ዛሬ የእሷ ነው።

እንግዲህ እኔ ከዚህ የተማርኩትን ልናገር። ትዕግሥት ትልቅ ነገር ነው። ዝናብ ሲዘገይ፣ ሕመም ሲጸና፣ ዘር አልበቅል ሲል ሰው ሌላ ምን አለው? ያን ጊዜ ቃሏ መድኃኒት ናት። ግን ታገሥ የሚለው ሰው ራሱ ድንጋዩን የጣለ ከሆነ፣ ያቺው ቃል ቀማኛ ትሆናለች። ቃሏን ለራሳችሁ በሉ። ለሌላ ሰው ልትሉ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ እግራችሁን እዩ፤ ጭቃ ካለበት ሂዱና ድንጋዩን አንሡ።

ስሜን ያልነገርኳችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ አልነበር? የእኔ ማሳ ከይርዳው ማሳ ቀጥሎ ያለው ነው። በአንጓች ተራ ከእሱ የተረፈው ውኃ ወደ እኔ ይወርድ ነበር። ድንጋዩን አልነካሁም፤ ታገሺም ብያት አላውቅም። ሰባት ዓመት ጥሩ ሽንኩርት ሸጥኩ፣ በስብሰባውም ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብዬ «አሜን» እል ነበር። አያ ስንሻው ድንጋዩን ተሸክሞ ይቅርታውን አገኘ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሄድኩላትም። ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ስትታገሠኝ ይኸው ስንት ዓመቷ።

እናንተስ? እናንተ ዘንድ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ማን ነው?